መድኃኒቱን ለኩሬው አይጨምሩ

ከባሕር ዳር አካባቢ የጻፉልኝ አንባቢ በሁለት ኩሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ያረባሉ። ኩሬውን የሚያዳብሩት በዶሮ ኩስ ነው። ዓሣዎቹ ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ቆዳቸው ቀልቶ ቆስሏል። ለዶሮ የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ውኃው ላይ ሲበትኑ መጀመሪያ ሞቱ ቀነሰ፤ አሁን ግን ምንም ለውጥ የለም። «መጠኑን ልጨምር?» ይላሉ።

እባክዎ አይጨምሩ።

ምልክቱ ኤሮሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ይመስላል፤ በዓይን ብቻ ግን አይረጋገጥም። ኤሮሞናስ ከኩሬ ጠፍቶ አያውቅም። ጤነኛ ዓሣ ይቋቋመዋል። ዓሣው ሲጨናነቅ፣ ኦክስጅን ሲያንስ ወይም መረብ ቆዳውን ሲልጠው ያጠቃዋል።

ውኃ ላይ የተበተነው መድኃኒት በውኃው ካለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ይጣበቃል፤ ፀሐይም ያበላሸዋል። ለዓሣው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ይህ መጠን ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን ያስቀራል። የተረፈው ደግሞ የመቋቋም ጂኑን ለሌሎች ባክቴሪያዎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሰውን ለሚያሳምሙትም ጭምር። እኔ በጣም የምጠረጥረው ኩሱን ነው። ዶሮዎቹ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የተላመደው ባክቴሪያ ከኩሱ ጋር ኩሬ ይገባል። አሞክሲሲሊን ልሞክር እንዳይሉ፤ ኤሮሞናስ በአብዛኛው ከተፈጥሮው ይቋቋመዋል።

ዛሬውኑ ኩሱን ያቁሙ። መኖ ይቀንሱ፣ ንጹሕ ውኃ ያስገቡ። ጎህ ሳይቀድ ኩሬውን ይዩ፤ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ያኔ ነው። ዓሣዎቹ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፋፍቱ ከሆነ ችግሩ ግማሹ እዚያ ነው። የሞተውን በየቀኑ ለቅመው ከኩሬው ርቀው ይቅበሩ። የአንዱን ኩሬ መረብ ሌላው ውስጥ አይንከሩ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ፤ ኤሮሞናስ የሰው ቁስልም ይይዛል።

ከዚያ ናሙና ይውሰዱ። የሞተ ዓሣ አይረባም፤ በሞት አፋፍ ያለውን በሕይወቱ ያድርሱ። በሕይወቱ ማድረስ ካልቻሉ በፕላስቲክ ጠቅልለው በረዶ ላይ ያድርጉትና በዕለቱ ይድረስ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይክተቱት። ወደ ክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ሰበታ ወዳለው የዓሣ ምርምር ማዕከል አስቀድመው ይደውሉ። ባክቴሪያውን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተን ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ምን መድኃኒት መቼ እንደበተኑም ይንገሯቸው።

ውጤቱ መድኃኒት ካዘዘ፣ በመኖ ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው፤ የታዘዘው ቀን ሳይሞላ አይቋረጥም። መብላት ያቆመ ዓሣ መድኃኒቱን አያገኝም፤ ስለዚህ አይዘግዩ። አሜሪካ ውስጥ በመኖ የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን ለካትፊሽ 10 ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ ለእርድ 21 ቀን ይጠበቃል። የእርስዎንም ዓሣ የእንስሳት ሐኪሙ ቀን እስኪቆርጥልዎ ድረስ ለገበያ አያውጡ።