ማሰሮው ፈላ፤ እሳቱ የት ገባ?

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚህ ዓምድ «ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ከዚያ በላይ አይሞቅም» ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ታዲያ የሚነደው እሳት የት ይገባል?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። መልሱም ከማሰሮና ከምጣድ አልፎ ክትባት እስከሚጓጓዝበት ሳጥንና ጅዳ ላይ ላብ እስከሚንጠፈጠፍበት ክፍል ድረስ ይደርሳል። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጫለሁ።

«ባቄላ ስቀቅል ቶሎ እንዲበስልልኝ ከሰል እየጨመርኩ አራግባለሁ። እናቴ ግን "ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሺ፣ ክደኚው" ትለኛለች። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ደግሞ ያንኑ ባቄላ ከእኔ ቀድማ ታበስላለች። ምን አጠፋሁ?» (ከአዲስ አበባ)

እናትሽ ልክ ናቸው። ባቄላውን የሚያበስለው የውሃው ሙቀት እንጂ የመንተክተኩ ብዛት አይደለም። ለስለስ ብሎ የሚንተከተክ ውሃና እየተናጠ የሚገነፍል ውሃ ቴርሞሜትር ቢገባባቸው እኩል ናቸው። ልዩነታቸው የሚገነፍለው ቶሎ ማለቁ ብቻ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ 300 ኪሎ ጁል (ጁል የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት ይወስዳል። ያንኑ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ ግን ከ2200 ኪሎ ጁል በላይ ያስፈልጋል። እንግዲህ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ሊትር ውሃ በእንፋሎት ባለቀ ቁጥር፣ ሰባት ሊትር ውሃ ማፍላት ይችል የነበረ ሙቀት አብሮት ወጥቷል። ያ ሁሉ ከሰል ባቄላውን አላበሰለም፤ የወጥ ቤቱን ጣራ ነው ያረጠበው።

ስለዚህ እስኪፈላ ድረስ እሳቱ ይበርታ። ፈላ ካለ በኋላ መፍላቱን እንዳያቋርጥ ብቻ የሚያህል እሳት ተዪለትና ክደኚው። ክዳኑ ላይ ተንጠባጥቦ የሚመለሰው ውሃ ማሰሮውን እንዳይደርቅ ይጠብቃል። ባቄላውን ከማታ ብትዘፈዝፊው ደግሞ ጊዜውም ከሰሉም ይቀንሳል።

የእህትሽ ነገር ሌላ ነው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በላይዋ ያለው አየር ከአዲስ አበባው ይከብዳል፤ ውሃዋን የበለጠ ይጫነዋል። እዚያ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለጥራጥሬ ግን ትልቅ ልዩነት ናት። ይህን ልዩነት እሳት በመጨመር ልታካክሺው አትችይም። የሚያካክሰው በላስቲክ ተወጥሮ ግጥም የሚለው፣ ፕሬዠር የሚባለው ድስት ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው አዲስ አበባም ላይ ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አቅም ካለሽ ግዢ። በዚህ ከተማ ከድስቶች ሁሉ ዋጋውን ቶሎ የሚመልሰው እሱ ነው።

«ቤተ ሙከራ ውስጥ በረዶ ስናቀልጥ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ ቀረ። ተበላሽቷል ብለን ቀየርነው፤ ሁለተኛውም ቆመ። ሙቀቱ የት ሄደ?» (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ሁለተኛ ቴርሞሜትር ማምጣታችሁ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው። መሣሪያው አልተበላሸም። ያያችሁት ስውር ሙቀት ይባላል።

በረዶ ውስጥ የውሃ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደቆሙ ሰዎች ናቸው። የሚገባው ሙቀት መጀመሪያ የሚሠራው ይህን መያያዝ ማላላት ነው። ይህ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ሞለኪውሎቹ ፍጥነት አይጨምሩም፤ ቴርሞሜትር የሚለካው ደግሞ ያንን ፍጥነት ነው። ሙቀቱ አልጠፋም፤ በረዶውን ውሃ በማድረግ ሥራ ላይ ውሏል። ውሃው ተመልሶ በረዶ ሲሆን አንድም ሳይቀነስ ይወጣል።

ይህን መጀመሪያ በልኬት ያሳየው ጆሴፍ ብላክ የሚባል የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ። ሁለት እኩል ብርጭቆዎች ወሰደ። በአንዱ በረዶ፣ በሌላው ሊረጋ የደረሰ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀ። ውሃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ 7 የፋራናይት ዲግሪ (በእኛ መለኪያ 4 ዲግሪ ያህል) ሞቀ። በረዶው ቀልጦ እዚያው መጠን ላይ ለመድረስ የፈጀበት ግን 10 ሰዓት ተኩል ነው። የክፍሉ አየር ለሁለቱም ያለማቋረጥ ሙቀት ሲሰጥ ነበር። ብላክ ከዚህ ተነሥቶ በረዶው የወሰደውንና ቴርሞሜትሩ ያላየውን ሙቀት አሰላ፤ ውጤቱም ዛሬ ከምናውቀው ብዙ የራቀ አልነበረም።

የዛሬው ቁጥር በኪሎ 334 ኪሎ ጁል ነው። ትልቅነቱን በራሳችሁ ዓይን ማየት ትችላላችሁ። አንድ ኪሎ የሚቀልጥ በረዶና አንድ ኪሎ የ80 ዲግሪ ውሃ አደባልቁ። አማካዩን 40 ዲግሪ ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። የምታገኙት ሁለት ኪሎ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ ውሃ ነው። የትኩሱ ውሃ ሙቀት በሙሉ በረዶውን በማቅለጥ አለቀ። መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ ሞክሩት። ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት ይህን ብታዩ ኖሮ ቀመሩ ራሱ በገባችሁ ነበር።

«እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ስከፍት እንፋሎቱ ክንዴን መታኝ። የፈላ ውሃ ፈስሶብኝ ያውቃል፤ ይህ ግን ባሰ። እንፋሎት ከፈላ ውሃ ይበልጥ ይሞቃል?» (ከጎንደር)

በመጠነ ሙቀት እኩል ናቸው፤ የተሸከሙት ግን እኩል አይደለም። እንፋሎቱ ቆዳዎ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ሲመለስም በመትነን ጊዜ የወሰደውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። አንድ ግራም የፈላ ውሃ እስከ ሰውነት ሙቀት ሲቀዘቅዝ 260 ጁል ያህል ይሰጣል። አንድ ግራም እንፋሎት ግን 2500 ጁል፤ አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አክንባሎውን ሲያነሡ በመጀመሪያ ከእርስዎ ራቅ ባለው በኩል ከፈት ያድርጉት፤ እንፋሎቱ በዚያ ይውጣ። ከተቃጠሉ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እያፈሰሱበት 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀቡበት፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል።

«ለክትባት ወደ ቀበሌ ስንወጣ አይስ ፓኩን (ውሃ የረጋበትን የፕላስቲክ ዕቃ) ከማቀዝቀዣ አውጥተን ወዲያው ሳጥኑ ውስጥ እንዳናስገባ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ እንድንጠብቅ ተምረናል። በረዶው መቅለጥ ከጀመረ ቅዝቃዜው እያለቀ አይደለም? መንገዳችን ረጅም ነው፤ ልቤ አይችልም።» (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከሰሜን ሸዋ)

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ከደረሱኝ ሁሉ በጣም የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሳጥኑ ውስጥ ያለው የሕፃናት ጤና ነው።

ጥበቃሽ ብክነት አይደለም። ከማቀዝቀዣ የወጣ አይስ ፓክ ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ፓክ የክትባቱን ብልቃጥ ከነካው ያረጋዋል። ክትባት የሚያዘው ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ፔንታ (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው)፣ የጉበት ቢ እና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቶች አንዴ ከረጉ በኋላ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም። ሙቀት ክትባት እንደሚያበላሽ ሁሉም ያውቃል፤ ብርድ እንደሚያበላሽ ግን ብዙ ሰው አያስብም።

የውሃው ድምፅ የሚነግርሽ አንድ ነገር ነው፦ ፓኩ ዜሮ ላይ ደርሷል። በረዶና ውሃ አብረው እስካሉ ድረስ ደግሞ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ከውጭ የሚገባው ሙቀት በሙሉ በረዶውን በማቅለጥ ላይ ያልቃል። ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይዘሻል ማለት ነው።

ያጣሽውን እናስላ። 0.4 ሊትር የሚይዝ ፓክ ከዜሮ በታች ከ20 ተነሥቶ ዜሮ እስኪደርስ የሚወስደው ሙቀት 17 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ሊወስድ የሚችለው ግን 134 ኪሎ ጁል ነው። ጠብቀሽ ያጣሽው ከጠቅላላው አንድ ዘጠነኛ ቢሆን ነው፤ ዋናው ቅዝቃዜ ገና አልተነካም። ያ ፓክ በረዶ ሳይሆን የዜሮ ዲግሪ ውሃ ቢሆን ኖሮ 8 ዲግሪ እስኪደርስ የሚይዘው 13 ኪሎ ጁል ብቻ ነበር። የሚያሻግርሽ ቅዝቃዜ በረዶው ውስጥ የተሰወረው ነው።

ስለዚህ ነቅንቂ፣ አዳምጪ፣ ከዚያ ጫኚ። ሳጥኑን ጥላ ሥር አሳርፊው፤ ሳያስፈልግ አትክፈቺው።

«ሪያድ ስሠራ 45 ዲግሪ እችል ነበር። ጅዳ መጥቼ 38 ሲሆን እንኳ ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ሰዎቹ "ለምደሽዋል እኮ" ይሉኛል።» (ከጅዳ)

እህቴ፣ የሚሰማሽ እውነት ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ስለወጣ ሳይሆን ላቡ ስለተነነ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2400 ኪሎ ጁል ያህል ከሰውነት ይዞ ይሄዳል። አንድ መቶ ግራም ብቻ ቢተን እንኳ ከ60 ኪሎ ሰው ላይ አንድ ዲግሪ ገደማ የሚያህል ሙቀት ይወስዳል። ሪያድ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብሽ ሳታዪው ይተን ነበር። ጅዳ ቀይ ባሕር ዳር ናት፤ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቧል። ላቡ የሚሄድበት ሲያጣ ይንጠባጠባል፤ ተንጠባጥቦ ወለል ላይ የወደቀ ላብ ደግሞ ምንም አላቀዘቀዘሽም። ውሃውን ብቻ አሳጣሽ።

አየር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ፈልጊ፤ አንገትሽንና ክንድሽን በቀዝቃዛ ውሃ ባረስሽው ጨርቅ አብሺ፤ ሳይጠማሽ ጠጪ። ከባዱን ሥራ ለጠዋት አድርጊው፤ ካልፈቀዱልሽም ደጋግመሽ ጠይቂ። ራስ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ንግግር መደነቃቀፍ ከመጣ ግን ይህ ድካም አይደለም፤ ቅዝቃዜ ያለበት ክፍል ግቢ፣ ሐኪም ይጠራልሽ። የምትሠሪበት ቤት እንዲህ ያለውን ነገር አቅልሎ ቢያይብሽ እንኳ አንቺ አታቅልዪው።

«አረቄ ሳወጣ ተቀባዩ ዕቃ የተቀመጠበትን ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለብኝ። የሚንጠባጠበው አረቄ ትንሽ ነው፤ ውሃውን ያን ያህል የሚያሞቀው ምንድን ነው?» (ከአርሲ ነገሌ)

እርስዎ ያዩትን የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ጄምስ ዋትም እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ግላስጎው ውስጥ አይቶ ተደንቋል። ጥቂት ውሃ እንፋሎት ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የራሱን ክብደት ስድስት እጥፍ የሚሆን ውሃ አፈላበት። ግራ ቢገባው ብላክን ጠየቀ፤ ብላክም የስውር ሙቀትን ነገር አስረዳው።

በእርስዎም መቀበያ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ኪሎ የውሃ እንፋሎት ወደ ፈሳሽ ሲመለስ የሚያወጣው ሙቀት 54 ሊትር ውሃን በ10 ዲግሪ ያሞቃል። የአልኮል ተን በኪሎ የሚያወጣው ከዚህ ግማሽ በታች ነው፤ ከቧንቧው የሚመጣው ግን የሁለቱ ድብልቅ ነው። ውሃው ከሞቀ ተኑ ወደ ፈሳሽ ሳይመለስ ያመልጣል፤ የሚያመልጠውም በአብዛኛው አልኮሉ ነው። አልኮል ያለበት ተን እሳት አጠገብ በቀላሉ ይቀጣጠላልና፣ ውሃውን መቀየር ከኪሳራም ከአደጋም ያድንዎታል።

«የአያቴ እንስራ ውሃ ያቀዘቅዝ ነበር። አሁን ያው እንስራ አያቀዘቅዝም። አርጅቶ ነው?» (ከመተማ)

የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደፍነው ነው። እንስራ የሚያቀዘቅዘው ውሃው በሸክላው ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ውጭ ስለሚያዥና እዚያ ስለሚተን ነው፤ ሲተን ሙቀቱን የሚወስደው ከቀረው ውሃ ነው። በጊዜ ብዛት የውሃው ጨውና አፈር ሸክላውን ይደፍኑታል። ውጪውን በሸካራ ነገር፣ ያለ ሳሙና፣ ደህና አድርገው ይፈግፍጉት። ካላዣ ደግሞ እርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉበትና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ያስቀምጡት። ጆንያው ሲደርቅ እንደገና ያርሱት።