ማንኪያው መቼ ይነሳ? ሕፃን ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ለምትመጡ

ገና ሲቃረብ ስልኬ ይበዛል። «አክስቴ፣ ልጁን ይዘን ልንመጣ ነው። እማዬ ገንፎ የማስጀምረው እኔ ነኝ እያለች ነው። ምን ትያለሽ?» ከፍራንክፈርት ይደወል ከሜሪላንድ፣ ጥያቄው ያው ነው።

እኔ 16 ዓመት ውጭ ኖሬ ነው የተመለስኩት። አሁን ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ሴቷን ልጄን እዚያ፣ ወንዱን እዚህ አሳደግኩ። በእሷ ቸኮልኩ፣ በእሱ ዘገየሁ። ሁለቱም ስለቆጨኝ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ልጄ 4 ወር እንደሞላት ሌሊት መነሳት አበዛች። በዕድሜ የምትበልጠኝ አንዲት ወዳጄ «ጡጦዋ ላይ ትንሽ የሩዝ ዱቄት ጨምሪበት፣ እስኪነጋ ትተኛለች» አለችኝ። ደክሞኝ ነበርና ሰማኋት። ልጄ አልተኛችም። ሆዷ ደረቀ። አራት ቀን ሙሉ እያማጠች አለቀሰች። ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን ጡት መቀነሷ ነው። ሆዷ በዱቄት ሲሞላ ለወተቱ ቦታ አልቀረም። ሕፃን ባልጠባ ቁጥር ደግሞ የእናትም ወተት ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይጨመርም። ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ፣ ጡቱ ሳይቋረጥ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ። እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ድረስ ግን ምክሩ «ከ4 እስከ 6 ወር» ነበር። ስለዚህ ታላላቆቻችሁ «እኛ በ4 ወር አስጀምረን አሳድገናል» ሲሏችሁ አትከራከሯቸው። ያኔ ሐኪሙም ያንኑ ነበር የሚላቸው። ዛሬም አንዳንድ አገር ያሉ ሐኪሞች 4 ወር ካለፈው ይፈቅዳሉ። የጣሳ ወተት የሚጠጣ ልጅም ቢሆን 6 ወር አካባቢ መጠበቁ ነው የሚሻለው። ያለ ቀኑ ለተወለደ ልጅ ግን የወሩ አቆጣጠር ይለያል። የሚከታተለውን ሐኪም ጠይቁ።

ወሩ ቁጥር ነው። ዋናው ልጁን ማየት ነው።

አምና የእህቴ ልጅ 5 ወር ከሳምንት የሆነው ልጇን ይዛ መጣች። እናቴ ገና ስታየው «ይኼ ልጅ እኮ ርቦታል! ዓይኑን እዩት!» አለች። እውነትም ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። እሷ ስትጎርስ እሱ አፉን ያንቀሳቅሳል። የእህቴ ልጅ ማድ ቤት ጠራችኝና «እምቢ ብላት ይከፋታል፣ እሺ እንዳልል ፈራሁ» አለችኝ።

ክርክር አልጀመርኩም። ልጁን እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥነው። ወገቡን ይዛው እንኳ ወደ ጎን ዘመም አለ። ከዚያ ባዶ ንጹሕ ማንኪያ ከንፈሩ ላይ አስነካሁት። ምላሱ ቶሎ ወጣና ማንኪያውን ገፋው። ደገምኩ። ደግሞ ገፋው። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ አየችውና «ገና ነው። ምላሱ አልፈቀደም» አለች። 8 ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ከዚያ በኋላ የገንፎ ነገር አልተነሳም። በጥምቀት ማግስት ያንኑ ማንኪያ ስታቀርብለት ግን አፉን ከፍቶ ጠበቃት።

የምታዩት ሦስት ነገር ነው። ደገፍ ሲደረግ ይቀመጣል ወይ? አንገቱስ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይ? ምግብ አይቶ እጁን ይሰዳል፣ ይዞስ ወደ አፉ ያደርሳል ወይ? ማንኪያ ሲገባለት ይውጣል ወይስ በምላሱ ይገፋል? ሦስቱ አብረው ሲመጡ ጊዜው ደርሷል። ሌሊት መነሳት፣ እጅ መምጠጥ፣ ለሃጭ መብዛት፣ ጥርስ ማውጣት፣ ትልቅ ሆኖ መታየት፣ እነዚህ ብቻቸውን ምልክት አይደሉም። እኔን ያሳሳተኝ የሌሊቱ መነሳት ነበር።

መዘግየቱም ይጎዳል። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ወንዱ ልጄ ላይ ስላየሁት ነው። በመጀመሪያው ደንግጬ ስለነበር እሱን እስከ 8 ወር በጡት ብቻ ያዝኩት። ከዚያም የማቀምሰው ቀጭን አጥሚት ብቻ ነበር። ለክትባት በወሰድኩት ጊዜ ነርሷ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየችና ደም ይታይ አለች። ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ወራት የብረት ሽሮፕ አጠጣሁት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሕፃን ከማኅፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት 6 ወር አካባቢ ይሟጠጣል። የእናት ወተት ደግሞ ብረቱ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ጡት ብቻ ለሚጠባ ልጅ ከ4 ወር ጀምሮ የብረት ጠብታ የሚያዙት። ያ ጠብታ ከተሰጣችሁ እዚህ ስትመጡ አታቋርጡት። «ጤፍ ብረት ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ጤፍ ብረት አለው። ግን ሰውነት ከእህል ብረት የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ሥጋና ጉበት በደንብ በስሎ፣ ተፈጭቶ ሲገባበት ይሻላል። ምስር ከሆነ ጥቂት ሎሚ ወይም ቲማቲም ጨምሩበት፣ ብረቱን ያግዘዋል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። እኛ ቤት ብስኩት በሻይ አርሶ ለሕፃን ማጉረስ የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ያ ልማድ ቢቀር ጥሩ ነው።

አሁን ስለ ቅጥነቱ ላውራ። እዚህ ከምናየው ችግር ትልቁ ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በዓይነትም በብዛትም ሊያገኙ የሚገባውን ትንሹን መጠን ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ድህነት አለበት። ግን ምንም ያልጎደለበት ቤትም ልጁ ውሃ ውሃ የሚል አጥሚት ሲጠጣ ይውላል። ትንሽ ሆድ በውሃ ሲሞላ ልጁ የጠገበ ይመስላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያስተምሩት ዘዴ ጥሩ ነው። ገንፎውን በማንኪያ አንሱና ዘንበል አድርጉት። ከማንኪያው ላይ ቶሎ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ሳይፈስ ማንኪያው ላይ ከቆየ ልክ ነው። ሲጀመር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ማንኪያ ይበቃል። እየቆየ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል። 9 ወር ሲሆነው ወደ 3 ወይም 4 ጊዜ ከፍ ይላል።

ሌላው መጋት ነው። ልጁን አጋድሞ፣ እጅን እንደ ጽዋ አድርጎ አፉ ውስጥ ማፍሰስ። ብዙዎቻችን እንዲያ ነው ያደግነው። ግን ትን ሊለው ይችላል፣ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። ፊቱን ካዞረ በቃው ማለት ነው። ቁጭ አድርጋችሁ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ አብሉት። ጉርሻ የፍቅራችን ምልክት ነው፣ አውቃለሁ። ለሕፃን ግን አንድ እጅ ይበቃዋል።

የጉዞውን ነገር በተለይ አስቡበት። ብዙ ወላጆች የመጀመሪያው ማንኪያ አያቱ ቤት እንዲሆን ይመኛሉ። ደስ ይላል። ግን በደረሳችሁበት ሳምንት አታስጀምሩ። ልጁ ሰዓቱ ተዛብቶበታል፣ የሚያቅፈው ሰው ተለዋውጦበታል። ያኔ ቢያስቀምጠው ከምግቡ ይሁን ከውሃው ይሁን ከእጅ አታውቁትም። ከቻላችሁ ከመምጣታችሁ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት እዚያው አስጀምሩት። ካልሆነም ደርሳችሁ ተረጋጉና ከዚያ ጀምሩ። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ ይሁን።

ውሃውን አፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ክክና ሽምብራም እናንተ ካላችሁበት ይልቅ እዚህ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል።

መጥታችሁ ዐቢይ ጾም ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሕፃን አይጾምም። ቤቱ ግን ይጾማል። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ድስቱም የጾም ይሆናል። እንቁላል ቀቅሉ ስትሉ «ዕቃው ይነካካል» የሚል ነገር ይመጣል። ማንንም ሳታስቀይሙ መፍትሔ አለው። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለብቻ ግዙ። እኔ ቤት ክዳኑ ቀይ የሆነ ድስት ነበረ። ሁሉም ሰው የማን እንደሆነ ያውቅ ስለነበር 55ቱንም ቀን ልጁ እንቁላሉን በላ።

ማር እስከ 1 ዓመት በፍጹም አይቅመስ። ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ለአራስ ልጅ አፍ ላይ የሚደረገው ለጋ ቅቤም ይቅር። ከ6 ወር በኋላ ግን ገንፎው ላይ ጥቂት የተነጠረ ቅቤ ጣል ማድረግ ክፋት የለውም፣ ጉልበት ይሰጣል። ጨውና ስኳር አያስፈልገውም። የላም ወተት በጡት ወይም በጣሳ ወተት ፈንታ የሚጠጣው ከ1 ዓመት በኋላ ነው።

ቡና ሲፈላ ደግሞ ከወለሉ ዓይናችሁን አታንሱ። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ ያምራል፣ ልጁም ሊድህበት ይፈልጋል። ቆሎና ፈንዲሻ ግን ቄጤማው መሃል ይወድቃሉ፣ ቶሎም አይታዩም። እኔ አንድ ቀን የ7 ወር ልጅ አፍ ውስጥ ሽምብራ አግኝቻለሁ። እጄ እስካሁን ያስታውሰዋል። ቡናው ካለቀ በኋላ ቄጤማው ተጠርጎ እስኪወጣ ልጁን እቀፉት።

ስትመለሱ የአያት ዱቄት ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ቅቤውን ተዉት፣ የአውሮፓ ጉምሩክ የወተት ተዋጽኦ አያሳልፍም። ዱቄቱን ግን በደስታ ውሰዱ፣ ከሱቅ ከሚገዛው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ምን ምን ገብቶበታል? የእህቴ ልጅ ማርከር ይዛ ፌስታሉ ላይ ልትጽፍ ስትል እናቴ «ምኑ ይጻፋል? የታወቀ ነው» አለች። ከዚያ ቆጠረችላት። ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ጤፍ፣ ለውዝ።

«ለውዝም አለው?»

«ታዲያ! ያለ እሱ ምን ይጣፍጣል?»

ልጁ ለውዝ ቀምሶ አያውቅም ነበር። ለውዝ ጠላት አይደለም። እንዲያውም በደንብ ደቅቆና ቀጥኖ በጊዜ መቅመሱ ከአለርጂ እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት አሳይቷል። ቆዳው በኃይል የሚቆጣ ልጅ ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ «ለውዝ አለው» ብላ በትልቁ ጻፈችበት። ቤቷ ስትገባ ሐኪሟን ጠየቀች፣ ጠዋት ላይ ከማንኪያ ጫፍ አቀመሰችው፣ ሁለት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጠች። ደህና ነበር። ማታ ደወለችና «ለእማማ ንገሪልኝ፣ ወዶታል» አለችኝ።