7 ቁጥሩ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቲቪ ላይ ራግቢ ሊግ አየሁ። 7 ቁጥር የለበሰው ቀጭን ልጅ እነዚያን ግዙፎች ሁሉ ያዛል። ሥራው ምንድን ነው? ስንት ዓመትስ ይጫወታል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱ ሃፍባክ ይባላል። በእኛ ኳስ ቋንቋ ጨዋታ አቀጣጣይ በለው። ቡድኑ 13 ሰው ነው፤ ኳስ የያዘው ቡድን 6 ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ ብቻ ነው የሚያጠቃው፣ ስለዚህ መቼ ማቀበል፣ መቼ በእግር መምታት እንዳለባቸው በአብዛኛው የሚወስነው ሃፍባኩ ነው። ታዲያ የተጋጣሚው ቡድን ግዙፎች ሆን ብለው እሱ ላይ ይሮጣሉ፣ እንዲደክም።

ዕድሜውን በተመለከተ አውስትራሊያዊውን ሃፍባክ ጆናታን ተርስተንን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2018 ጫማውን ሰቀለ። በ2015ቱ የአውስትራሊያ ሊግ ፍጻሜ ሰዓቱ አልቆ፣ ቡድኑን አሸናፊ የምታደርገዋን ምት ቋሚው መለሰበት (እኔ ብሆን እዚያው እተኛ ነበር!)። በጭማሪው ሰዓት ግን በአንድ ነጥብ ምት ቡድኑ ኖርዝ ኩዊንስላንድ 17 ለ 16 እንዲያሸንፍ አደረገ። ሁሉም ግን እንዲህ አይቀናውም። የአውስትራሊያውን ኒውካስል (የእንግሊዙን የእግር ኳስ ቡድን አይደለም) በ1997 እና በ2001 ሻምፒዮን ያደረገው ሃፍባክ አንድሪው ጆንስ በ2007 በአንገት ጉዳት ነው ያቆመው።