ትንቢቱና የጦር ሜዳው መዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጦርነት የተናገራቸው ትንቢቶች ከጥንት ነገሥታት መዝገብ ጋር ይገጥማሉ ወይ? በዚህ ላይ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። እኔ አማኝ ነኝ። የአሦርንና የባቢሎንን ታሪክም ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቅ.ል.ክ. ያልኩት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሕዝቅኤል 26 ላይ ጢሮስ በባቢሎን ንጉሥ በናቡከደነፆር እጅ ትጠፋለች ይላል። የታሪክ መምህራችን ግን ናቡከደነፆር ደሴቲቱን ሰብሮ አልገባም አለን። ማን ነው ልክ?

መምህራችሁ አልተሳሳተም። ነገሩ ወዲህ ነው። ጢሮስ ሁለት ቦታ ነበረች። አንዱ የብሱ ላይ ያለው ሰፈር ነው። ዋናዋ፣ ባለ ግንቧ ከተማ ግን ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብላ ደሴት ላይ ተቀምጣለች። ናቡከደነፆር 13 ዓመት ከበባት፤ ይህን የነገረን አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ነው። የባቢሎን ጉልበት የብስ ላይ ነበር። ደሴቲቱ ደግሞ ስንቋን በመርከብ ታስገባለች። በመጨረሻ ጢሮስ ለባቢሎን ገበረች፤ እንደ ኢየሩሳሌም ግን አልተቃጠለችም፣ አልተዘረፈችም።

አሁን ምዕራፍ 29 ቁጥር 17 ላይ ሂዱና አንብቡ። ቀኑ ተጽፏል፤ ሲሰላ 571 ቅ.ል.ክ. ነው፤ ከበባው ካበቃ በኋላ ማለት ነው። እዚያ ላይ ሕዝቅኤል ራሱ ምን ይላል? የናቡከደነፆር ወታደሮች ራሳቸው እስኪመለጥ፣ ትከሻቸው እስኪላጥ ለፉ፤ ንጉሡም ሠራዊቱም ግን ከጢሮስ አንዳች ዋጋ አላገኙም። አፈርና እንጨት ተሸክሞ የከበባ ቁልል ሲሠራ የኖረ ወታደር ራሱና ትከሻው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የጻፈው። የጦርነቱ ውጤት ደግሞ መምህራችሁ ከነገራችሁ ጋር አንድ ነው።

ብዙ ሰባኪዎች ምዕራፍ 26ን ያነቡና 29ን ይዘሉታል። ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይህ ቦታ ነው። አንድ ሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ተቀምጦ ትንቢት አስመስሎ ቢጽፍ ኖሮ ምዕራፍ 26ን ከውጤቱ ጋር ያስተካክለው ነበር። አላስተካከለውም። ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ትቷቸዋል። ስለዚህ ምዕራፍ 26 ውጤቱ ሳይታወቅ በፊት የተነገረ ቃል ነው ለማለት አልፈራም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ታላቁ እስክንድር አይደለም እንዴ ትንቢቱን የፈጸመው?

ይህን የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። እስክንድር 332 ቅ.ል.ክ. ላይ መጣ። መርከብ ሲያጥረው ባሕሩን ሞላው። የየብሱን የድሮ ሰፈር አፈረሰና ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ አፈሩን ወደ ውኃ እየጨመረ እስከ ደሴቲቱ የሚደርስ 800 ሜትር ያህል መንገድ ሠራ። የጢሮስ ሰዎች መርከብ ሙሉ የሚነድ ነገር ጭነው በመንገዱ ጫፍ ያሉትን የከበባ ማማዎች አቃጠሉበት። እንደገና ሠራ። ከዚያ የሲዶናና የቆጵሮስ መርከቦች ከጎኑ ሲሰለፉ ነገሩ ተገለበጠ፤ በ7 ወር ከተማዋ ወደቀች። ሕዝቅኤል 26፥12 ድንጋይሽን፣ እንጨትሽንና መሬትሽን በውኃ ውስጥ ይጥላሉ ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ሁሌም ይደንቀኛል። ከቁጥር 8 እስከ 11 «እርሱ» እያለ ቆይቶ እዚህ ጋ ወደ «እነርሱ» መዞሩንም ብዙዎች ያነሳሉ።

ግን ሁሉም ገጠመ አትበሉ። ቁጥር 14 ዳግመኛ አትሠሪም ይላል። ጢሮስ ተሠርታለች። እስክንድር ከያዛት ገና 20 ዓመት ሳይሞላ ሌላ ከበባ ስትቋቋም እናገኛታለን። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 21 ላይ እዚያ ሰባት ቀን ተቀመጠ። ዛሬም ሱር ተብላ በደቡብ ሊባኖስ ሰው ይኖርባታል። እስክንድር የሠራው መንገድ አሸዋ እየሰበሰበ ደሴቲቱን ከየብስ ጋር አጣብቋታል። አንዳንዶች ትንቢቱ የቀድሞዋን የባሕር ንግሥት ኃይል ነው የሚያወራው ይላሉ። እኔም የጥንት የጦርነት ትንቢት የሙሾ ቋንቋ አለው ባይ ነኝ፤ በሜትር አይለካም። ሌላ ሰው ባይስማማኝ ግን አልፈርድበትም።

ጥያቄ፦ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሳይዝ መመለሱን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የሚመሰክር አለ?

ራሱ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም አለ! 701 ቅ.ል.ክ. ስላደረገው ዘመቻ በሸክላ ላይ አስጽፏል። 46 የተመሸጉ የይሁዳ ከተሞችን ያዝኩ ይላል። የይሁዳን ንጉሥ ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም በቀፎ ውስጥ እንዳለ ወፍ ዘጋሁበት ይላል። ከዚያ? ከተማዋን ያዝኩ አይልም። እንዲህ የሚፎክር ንጉሥ ቢይዛት ኖሮ ዝም ይል ነበር? ኢሳይያስ 37፥33 ወደዚህች ከተማ አይገባም ማለቱ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ሕዝቅያስ የከፈለውን ግብር ተመልከቱ። ሁለተኛ ነገሥት 18፥14 ሦስት መቶ መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ይላል። ሰናክሬምም ወርቁን 30 ነው ያለው፤ ብሩን ግን 800 አድርጎታል። ነነዌ ላይ በነበረው ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ደግሞ የይሁዳ ከተማ የሆነችውን የለኪሶን ውድቀት አስቀርጿል፤ ቅርጾቹ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ናቸው። ኢየሩሳሌምን ቢይዝ የሚያስቀርጸው እርሷን ነበር። ለኪሶ ላይ ወታደሮቹ የቆለሉት የድንጋይ መወጣጫ ዛሬም ይታያል።

መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መልአክ ከአሦር ሠራዊት 185 ሺህ ገደለ ስለሚለው የአሦር መዝገብ ምንም አይልም። ታሪክ የሚነግረን ከተማዋ አለመያዟን ነው፤ ምክንያቱን መቀበል የእምነት ጉዳይ ነው። ሰናክሬም በኋላ በገዛ ልጁ እጅ መገደሉን ግን የባቢሎን ዜና መዋዕልም ይመሰክራል፤ 681 ቅ.ል.ክ. ነው።

ጥያቄ፦ እዚያው ታሪክ ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ይላል። የእኛ ንጉሥ ነው? ትንቢትስ ስለ እርሱ አለ?

ቲርሐቅ የኩሽ ንጉሥ ነው። መናገሻው ናፓታ ነበረች፤ ዛሬ ሰሜን ሱዳን ውስጥ አባይ ዳር ያለች ቦታ። አባቶቻችን በመጽሐፉ ስሙን እየሰሙ አድገዋልና ብንወደው አይገርምም። አክሱም ግን የመጣችው ከእርሱ በኋላ ነው። ግብፅ ላይ የነገሠው 690 ቅ.ል.ክ. ነው። ስለዚህ በ701 የጦር መሪ የነበረ ልዑል ይመስላል፤ ጸሐፊው በኋላ ባገኘው ማዕረግ ጠርቶታል።

ትንቢቱ ኢሳይያስ 20 ነው፤ ብዙም አይሰበክም። የአሦር ንጉሥ የሳርጎን አዛዥ የፍልስጥኤማውያንን ከተማ አዛጦንን በያዘበት ዓመት፣ 711 ቅ.ል.ክ. ግድም፣ ኢሳይያስ ራቁቱንና ባዶ እግሩን ሄደ። ምልክቱ የአሦር ንጉሥ የግብፅንና የኩሽን ሰዎች እንዲሁ ይማርካል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ኩሽ ግብፅን የምትገዛ ኃያል ነበረች። 40 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ 671 ላይ፣ የሰናክሬም ልጅ አስራዶን የግብፅን ከተማ ሜምፊስን ያዘ። ቲርሐቅ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ቤተሰቡ ተማረከ። አስራዶን ያቆመው የድል ሐውልት በርሊን ይገኛል። ንጉሡ ግዙፍ ሆኖ ቆሟል። በእጁ ገመድ ይዟል። ገመዱ ከእግሩ ሥር የተንበረከከ የኩሽ ምርኮኛ ከንፈር ላይ ታስሯል። ብዙ ሊቃውንት ምርኮኛው የቲርሐቅ ልጅ ነው ይላሉ። ጽሑፉም የኩሽን ሥር ከግብፅ ነቀልኩ ይላል። ኢሳይያስ 20ን አንብባችሁ ይህን ሐውልት በፎቶ ብታዩት ብዬ እመኛለሁ።

ጥያቄ፦ ነነዌና ባቢሎንስ?

ናሆም ስለ ነነዌ ሲናገር የግብፅ ከተማ የኖእ አሞንን (የቴብስን) መውደቅ እንዳለፈ ነገር ያነሳል። እርሷ የወደቀችው 663 ቅ.ል.ክ. ነው፤ ነነዌ ደግሞ 612። የወደቀችው ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ተባብረው ነው። ሐልዚ በተባለው በሯ ላይ ሲቆፈር የሰዎች አጽም ከቀስት ጫፎች ጋር ተገኝቷል። በናሆም 2 ያለውን የወንዞች በር ይዘው ጎርፍ ቅጥሯን ናደው የሚሉ አሉ፤ ይህን የጻፉት ዘግይተው የመጡ ግሪኮች ናቸው፣ የባቢሎን ዜና መዋዕል ጎርፍ አያነሳም።

ባቢሎን ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኢሳይያስ 13 በደም የተሞላ ውድቀት ይስላል። 539 ቅ.ል.ክ. ላይ ግን ደሙ የፈሰሰው ኦፒስ በተባለች ሌላ ከተማ ነው። የፋርሱ ንጉሥ የቂሮስ ጦር ባቢሎን የገባው ያለ ውጊያ ነው። ከተማዋ ከዚያ በኋላም ለዘመናት ኖረች፤ እስክንድር የሞተው እዚያ ነው። ባድማ መሆኗ እውነት ነው፤ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ትራያን በ116 ዓ.ም. ሲደርስ ያገኘው የፍርስራሽ ጉብታ ነበር። የሆነው ግን በአንድ ሌሊት አይደለም።

ጥያቄ፦ የማይገጥም ትንቢት አለ ብለህ ታምናለህ? በግልጽ ንገረን።

እሺ። ሕዝቅኤል 29 ግብፅ 40 ዓመት ባድማ ትሆናለች ይላል። ናቡከደነፆር 568 ቅ.ል.ክ. ግድም ግብፅ ላይ መዝመቱን የሚጠቁም የተሰባበረ ጽሑፍ አለ። የ40 ዓመት ባድማነት ግን በመዝገቡ አይታይም። በዚያ ዘመን የነገሠው አማሲስ እስከ 526 ገዝቷል፤ አገሩም የበለጸገ ነበር። ይህን ለማስተባበል የማይሆን ማብራሪያ ሲፈጠር ስሰማ እከፋለሁ። ወጣቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እውነቱን ከሌላ ሰው ሲሰሙ የሚናደው እምነታቸው ነው። እኛው ብንነግራቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኢሳይያስ 17 «ደማስቆ የፍርስራሽ ክምር ትሆናለች» ይላል። የሶርያ ጦርነት ፍጻሜው ነው?

ምዕራፉን እስከ ቁጥር 3 አንብቡት። ደማስቆን ከኤፍሬም፣ ማለትም ከሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ጋር አያይዞ ነው የሚያወራው፤ በዚያ ዘመን ሁለቱ ግንባር ፈጥረው ይሁዳን ወግተዋል። ሁለተኛ ነገሥት 16፥9 የአሦር ንጉሥ ደማስቆን ያዛት፣ ሰዎቿንም ማርኮ ወሰደ ይላል። ይህ ቴልጌልቴልፌልሶር ነው፤ ዓመቱ 732 ቅ.ል.ክ.። ቤቱ የፈረሰበትን የደማስቆ ሰው ግን ትንቢት ተፈጸመ እያልን መመልከት አይገባንም፤ እንጸልይለት።