ሲሰለቻችሁ መጀመሪያ ጆሯችሁን ጠይቁ

ውድ ልጆች፣

ባሕር ዳር ውስጥ ፒያኖ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ዓመት የለም። «ጋሼ፣ ይሄ ኤክሰርሳይስ ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚጠይቁኝ ሰነፎቹ እንዳይመስሏችሁ። ሰነፎቹ ሳይጠይቁ ቀርተዋል። የሚጠይቁኝ በየቀኑ የሚለማመዱት፣ ግን ልባቸው እየዛለ ያስቸገራቸው ልጆች ናቸው።

መልሴ አጭር ነው፤ አያልቅም። ግን የሚያሰለቸው ብዛቱ አይመስለኝም። የሚያሰለቸው ጣት እዚህ እየሠራ ጆሮ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው።

ሃኖንን እንውሰድ። ሻርል ሉዊ ሃኖን የሚባለው ፈረንሳዊ 60 ልምምዶች ያሉትን መጽሐፉን ያሳተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ፎቶ ኮፒው ከተማሪ ተማሪ ይዞራል። የመጀመሪያው ልምምድ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ ይልና ወደ ሬ ያልፋል። ከሬ ደግሞ ያንኑ ይደግማል፤ በሁለቱም እጅ። ጣት መንገዱን ለመልመድ ብዙ አይፈጅበትም። ከዚያ ሐሳብ ውልቅ ይላል። ምሳ ምን ይሆን፣ ስልኬ ጮኸ እንዴ፣ እነ እንትና የት ደረሱ። ጣቱ ግን መሄዱን አያቆምም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ልምምድ ተቋርጧል። የቀረው እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ለጆሮ አንድ ሥራ ስጡት፤ ሁለት አይደለም፣ አንድ። በአንዱ ዙር የቀለበት ጣት ድምፅ ከመሃል ጣት ጋር እኩል መሆኑን ብቻ ስሙ። በሌላው ዙር ግራ እጅ ከቀኝ ቀድሞ እንደሆነ። በሌላው አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ተደርቦ እንደሆነ፣ ወይም በመሃላቸው ክፍተት ቀርቶ እንደሆነ። ከዚያ ሁሉንም በለሆሳስ ተጫወቱት። ቀስ ብሎና ዝቅ አድርጎ እኩል መጫወት በፍጥነት ከመሮጥ ይከብዳል። የማያምን ይሞክረው።

ስለ ቀለበት ጣት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ልጆች በሱ ሲናደዱ አያለሁ። መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። መሃል ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉና የቀለበት ጣትን ብቻ ለማንሳት ሞክሩ። እምቢ ይላል። ጣት ቀና የሚያደርጉት ጅማቶች በእጅ ጀርባ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ የቀለበት ጣት ደግሞ ከግራም ከቀኝም ተይዟል። በልምምድ ብዛት ያ ማያያዣ አይላቀቅም። የሚሻሻለው የእጅ አንጓና ክንድ ክብደታቸውን ወደዚያ ጣት ማሻገር ሲለምዱ ነው። ጣቱን በግድ ከፍ ከፍ እያደረጋችሁ አታስጨንቁት። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን ወጣት ሳለ ቀኝ እጁን ጎድቶ የመድረክ ፒያኒስት የመሆን ሕልሙን ትቷል። የጻፋቸውን ሥራዎች መድረክ ላይ የተጫወተችለት ባለቤቱ ክላራ ነበረች። ድካም ከሆነ እረፉ፣ ነገ ይለቃችኋል። የሚወጋ ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም ከሆነ ግን በዚያው ቅጽበት አቁሙ። «ትንሽ ልታገሰው» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ሃኖን የተጻፈው ለፈረንጅ ስኬል፣ ማለትም ለነሱ የድምፆች ቅደም ተከተል ነው። እኛ ግን አራት ቅኝት አለን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁሉም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። እጃችሁም አምስት ጣት አለው። ምን ትፈልጋላችሁ?

ቀኝ እጃችሁን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ አሳርፉ፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለው የትዝታ ዓይነት ነው። ከሚ ወደ ሶል ሲሄድ መሃል ጣትና ቀለበት ጣት መዘርጋት አለባቸው፤ የሚፈሩት ቦታ ማለት ነው። አሁን የሃኖንን አወጣጥ በዚህ ላይ ሥሩት። ቀጥሎ አንቺ ሆዬን ሞክሩ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ (ፍላት ማለት ከድምፁ በስተግራ ያለው የቅርቡ ቁልፍ ነው)። ጠቋሚ ጣትና ቀለበት ጣት ጥቁር ላይ ያርፋሉ፤ እጅ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት። ይህን የሚያስተምር ፎቶ ኮፒ አላየሁም። አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ከፋ ሻርፕ (ከፋ በስተቀኝ ካለው ጥቁር ቁልፍ) ጀምራችሁ ብትነኩ ደግሞ እዚያው ትዝታ ሜጀር ታገኛላችሁ። እነዚያኑ ከሬ ሻርፕ ጀምሩ፤ ባቲ ማይነር ሆኖ ይመጣል። ተማሪዎቼ እዚህ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል። የሚያውቁትን ድምፅ ስለሰሙ ጆሯቸው ተመልሶ ይመጣል።

ጣናን ከብበው የሚኖሩት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪዎች ጆሮን ማሠራት ከኛ በፊት ያውቁበታል። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ያዜማል፤ ትንሽ ሲስት መምህሩ ይመልሰዋል። ሌሊት ያንኑ በቃሉ ይከልሳል። ድጓ የሚባለውን የያሬድ የዜማ መጽሐፍ አስመስክሮ፣ ጋይንት ካለችው ቤተልሔም እስኪመለስ ስንት ዓመት! አፉ እያዜመ ጆሮው ሊሸሽ አይችልም፤ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ከነሱ የምትወስዱት ጽናቱን ብቻ አይሁን፤ ዘዴውንም ውሰዱ። የምትነኩትን ድምፅ እያዜማችሁ ተለማመዱ። ድምፄ አያምርም የሚል ካለ በሩን ይዝጋ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታውቋቸዋላችሁ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተምረው፣ ካይሮ ቀጥለው፣ ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም የመነኮሱ ፒያኒስት ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጎንደር ሆነው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያድሩ አዩ። በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡና ሥራቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ፒያኗቸውን ስሙት። በየጥጉ የዜማ ሽታ አለው።

ስለ ፍላጎት ብዙ አልልም። «ደስ ሲለኝ እለማመዳለሁ» ያለ ሰው ሲሳካለት አላየሁም። ደስታው የሚመጣው ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም። ሰዓት ቁረጡ። ባሕር ዳር ላይ ጠዋትን እመርጣለሁ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ራሱ እጅ ያስሰጣል። ለጣት ልምምድ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጆሮ ይደክማል። ወዲያው የምትወዱትን ዘፈን ተጫወቱ፤ ነገ ይሁን ብላችሁ አታሳድሩት። በሳምንት አንዴ በስልካችሁ ቅዱና አስቀምጡ። ቲክቶክ ላይ የሚበርረውን የስምንት ዓመት ልጅ ከማየት፣ ያለፈ ወር ራሳችሁን መስማት ይሻላል። ያ ልጅ ስንት ጊዜ ተቆርጦ እንደተቀጠለ ማን ያውቃል?

ፒያኖ የለንም የምትሉ ብዙ ናችሁ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለመጀመር ይበቃል፤ እኛ ኦርጋን የምንለው። ግን ስትገዙ በቀስታና በኃይል ነክታችሁ ሞክሩት። ድምፁ ካልተለያየ አትግዙ፤ ለጆሮ የሚሰጠው ሥራ የለም። እውነተኛ ፒያኖ ያላችሁ ደግሞ ከመስኮትና ከሐይቁ ነፋስ አርቁት፤ ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ቁልፎቹ ይያያዛሉ።

መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱን አትሸፍኑት። ድምፅ የሌለውን ቁልፍ እየነካችሁ በአፋችሁ አዚሙት። መብራት ሲመጣ ያዜማችሁትና የኪቦርዱ ድምፅ አንድ መሆኑን ታያላችሁ፤ ካልሆነ የቱ ጋ እንደሳታችሁ ወዲያው ይገባችኋል።

በፈተና ወይም በሕመም ወር ያህል የጠፋችሁ፣ ስትመለሱ በተዋችሁት ፍጥነት አትጀምሩ። ሃኖን ራሱ በሜትሮኖም፣ ማለትም በምት ቆጣሪ፣ በደቂቃ ከ60 ምት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ 108 ውጡ ይላል። ሜትሮኖሙን ስልካችሁ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። 60 ላይ አድርጉትና ትዝታን በግራ እጅ ብቻ ጀምሩ፤ ቀኙ ነገ ይደርሳል።