የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማርሹ የሚመረጠው ሐረጎ አናት ላይ ነው

በዚህ ዕትም በሥራቸው ምክንያት ከመኪና መሪ የማይለዩ ሦስት የወሎ አንባቢያን የላኩልንን ደብዳቤዎች እንመልሳለን። የመጀመሪያው ሰፊ ማብራሪያ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

«ጋሼ፣ እኔ ደሴ ውስጥ የአንድ ሸቀጥ አከፋፋይ ሾፌር ስሆን በሳምንት አራት ቀን አይሱዙ ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ባለፈው ወር የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ልጨርስ ስል የፍሬኑ መርገጫ እስከ ወለሉ ሰመጠብኝ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገልኩ፣ አላህ ረድቶኝ፣ ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ጋራዥ ገብቶ ሲፈተሽ ግን የተበጠሰም ያፈሰሰም ነገር አልተገኘም። የመኪናው ባለቤትም «ፈርተህ ነው» አሉኝ። እውነት ፈርቼ ነው?» — ከደሴ

አይደለም ወንድሜ፤ እንዲያውም ጋራዡ ምንም ሳያገኝ መቅረቱ ራሱ የችግሩን ምንነት ይጠቁማል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ እርስዎ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ ማለት ነው። መኪናው ከነጭነቱ 8 ቶን ቢመዝን፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ነው ወይ የፍሬኑ ሸራና ታምቡር (ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ) ነው። ሞተሩ ራዲያተር አለው፤ ሸራው ግን ከሚያልፈው ነፋስ በቀር ሌላ ማቀዝቀዣ የለውም።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ መያዝ ሲያቅተው ነው፤ ያን ጊዜ መርገጫው ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛው፣ በእርስዎም ላይ የደረሰ የሚመስለኝ፣ የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ ስላለው፣ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ የሚችለውን ያህል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ እግርዎም የሚጫነው ዘይቱን ሳይሆን አረፋውን ስለሚሆን መርገጫው ይሰምጣል። መኪናው ጋራዥ እስኪደርስ ሲቀዘቅዝ አረፋው ይጠፋና ፍሬኑ እንደ ወትሮው ይይዛል፤ መካኒኩም የሚያየው ደኅና ፍሬን ነው። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» እየተባለ የሚነገረው አደጋ፣ ምንም የተበጠሰ ነገር የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጋራዡን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ፤ የጎደለውን ብቻ መሙላት የጠጣውን እርጥበት አያወጣውም። በተለምዶ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመከራል፤ ጭነት ይዞ ዘወትር ሐረጎን ለሚወርድ መኪና ግን እኔ ከዚያ ቀደም ብዬ እቀይረዋለሁ።

ከዘይቱ የሚበልጠው ግን አነዳዱ ነው። ማርሹን ቁልቁለቱ መሐል ሳይሆን አናቱ ላይ፣ መኪናው ገና ቀስ ብሎ ሳለ ይምረጡ፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ዝቅ ያለው ማርሽ አልገባም ሊልዎ ይችላል፣ በዜሮ ማርሽም ሊቀሩ ይችላሉ። ያንኑ ጭነት ይዘው ሐረጎን በሚወጡበት ማርሽ ወይም ከዚያ በአንድ ባነሰ ይውረዱ። ፍሬኑን ቁልቁለቱን ሙሉ በስሱ ረግጠው አይያዙት፤ ፍጥነቱ ከወሰኑት ሲያልፍ ጠበቅ አድርገው ረግጠው፣ ከወሰኑት በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፣ ነፋስ ያግኘው። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብለው በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ ጓደኞች እንዳሉዎት አልጠራጠርም። ሒሳባቸው የተሳሳተ ነው፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ይቋረጣል፣ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ነዳጅ መጠጣቱን አያቆምም። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ የሚደፉ ረዳቶችንም ይከልክሉ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ባለቤቱን በተመለከተ፣ የሆነውን ሁሉ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ያዩትን ጉድለት ማሳወቅ ደግሞ የእርስዎ ግዴታ ነው።

«በአንድ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ነኝ፤ ፒክ አፕ እየነዳሁ ከወልድያ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና እመላለሳለሁ። ኃላፊዬ «የት ደረስሽ?» እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ ይደውላሉ፤ ሳላነሣ ስቀር ይቆጣሉ። በጆሮ ማዳመጫ ባነጋግር ይሻላል?» — ከወልድያ

እጅዎን ነጻ ያደርግልዎታል እንጂ ሐሳብዎን ነጻ አያደርገውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እየነዳ በስልክ የሚጠቀም ሰው ለግጭት የመጋለጥ ዕድሉ ከማይጠቀመው በአራት እጥፍ ገደማ የበለጠ ሲሆን፣ ያለ እጅ የሚደረግ ንግግርም በእጅ ከሚደረገው ይህን ያህል የተሻለ አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዱ ስልኩ ላይ ለአምስት ሴኮንድ ቢያፈጥጡ ከ80 ሜትር በላይ በጭፍን ሄደዋል፤ በድልብ ኩርባዎች ላይ 80 ሜትር ስንት ነገር እንደሚይዝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከመነሣትዎ በፊት «ድልብ ስደርስ ቆሜ እደውላለሁ፣ ጋሸና ስገባ እደውላለሁ፤ በመሐል ስልኬ ዝግ ነው» ብለው ከኃላፊዎ ጋር ይስማሙ፣ ቢቻል መልእክቱን በጽሑፍ ይላኩላቸው። እኔ የመስክ ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ ስላልነበረ አለቃዬ መድረሴን የሚሰማው አንዳንዴ በማግስቱ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የቆመ ሥራ ትዝ አይለኝም።

«ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ጭነት አመላልሳለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለምነሣ ጫት ካልያዝኩ ዓይኔ አይገለጥም። ረዳቴ «ይህ ነገር አንድ ቀን ይጥለናል» ይለኛል። ጫት የሚያነቃ ከሆነ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?» — ከኮምቦልቻ

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በእርግጥ ያነቃል፤ ነገር ግን እንቅልፉን ይሸፍነዋል እንጂ አይከፍልልዎትም። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ድካም አንድ ላይ ይመጣል፤ እርስዎ ደግሞ ያን ጊዜ ሞቃቱን ቆላ፣ ቀጥ ያለውንና አሰልቺውን መንገድ ይዘው ይሆናል። ምርቃናው ሳይወርድም ቢሆን ሰው ከሚችለው በላይ የሚችል እየመሰለው ፍጥነት ይጨምራል። የሰው ሰውነት ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ለእንቅልፍ ይበልጥ ስለሚሸነፍ፣ መነሻዎ ራሱ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ላይ ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው መጠነኛ መጠጥ እንደቀመሰ ሰው ምላሹ እንደሚዘገይ በጥናት ታይቷል።

የዓይንዎ ቆብ ሲከብድ፣ ያለፉት መንደር ማለፍዎን ማስታወስ ሲያቅትዎ፣ ወይም ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ሲነካ፣ ሙዚቃ መጨመርና መስኮት መክፈት አያድንዎትም። ከመንገድ ወጥተው ያቁሙ፤ ቡና ካለ አንድ ስኒ ጠጥተው ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያሸልቡ፤ ቡናው ሥራውን የሚጀምረው እርስዎ በሚነቁበት ጊዜ አካባቢ ነው። ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓቱንም በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ስለሚገድበው፣ የመነሻ ሰዓትዎ ወደ ንጋት እንዲገፋ ሲጠይቁ ይህን ይዘው ይቅረቡ። ሰኞ ከሆነ ግን የባቲ ገበያተኛ ከነግመሉና ከነፍየሉ መንገዱን ስለሚሞላው ከተማዋን ለማለፍ የሚወስደውን ተጨማሪ ጊዜ አስቀድመው ያስሉ፤ ረዳትዎም ከጎንዎ ነቅቶ ዳርና ዳሩን ይመልከትልዎት።