ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄ ክብደት በማንሳቷ ቁመቷ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ሴት ልጄ ፓወርሊፍቲንግ የሚባለውን ከባድ ብረት የማንሳት ስፖርት ከጀመረች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗታል። አሠልጣኝ አላት፤ ትምህርቷም አልተጓደለም። ባለፈው ወር 80 ኪሎ ግራም ከመሬት ስታነሳ ቀርጬ በገጼ ላይ ለጠፍኩት። እውነቱን ለመናገር ልቤ በኩራት ሞልቶ ነበር። በማግሥቱ የስድብ መዓት ወረደብኝ። «ልጁን ለጭብጨባ የሸጠ አባት»፣ «ቁመቷ እዚሁ ቀረ»፣ «ነገ መውለድ አትችልም» ተባልኩ። ስለ ጀርባዋ አጎባበጥ የጻፈ አንድ ሰውም ነበር፤ እሱን ከገጼ አገድኩት። እናቷ ስፖርቱን እንዳስተዋት ትወተውተኛለች። ልጄ ግን አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አንብባ እልህ ይዟታል፤ በሚቀጥለው ውድድር ዝቅ ባለ የክብደት ምድብ እገባለሁ ብላ እራት መብላት ትታለች። አንዳንድ ጊዜ ወገቧን ያማታል፣ በተለይ ወደ ኋላ ስትለጠጥ። አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ከልምምድ በፊት ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ስሰጣት ይተዋታል። ለመሆኑ ክብደት ማንሳት የልጅን ቁመት ያስቀራል? አጭር መልስ ቢሰጡኝ ለእነዚያ ሰዎች አሳያቸው ነበር።

የልጁ ነገር ያሳሰበው አባት

መልስ፦ አያስቀርም። በሠለጠነ ሰው ክትትል፣ ለዕድሜና ለአቅም በሚመጥን መጠን የሚሠራ የክብደት ልምምድ የልጅን ቁመት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የፈለጉት አጭር መልስ ይኸው ነው።

ነገር ግን ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ያስጨነቀዎት የቁመቷ ነገር ብቻ አልመሰለኝም። «በእኔ ኩራት የተነሳ ልጄን ጎድቻት ይሆን?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶዎታል። ስፖርቱን እንድትጀምር በመፍቀድዎ አልጎዷትም፤ እንዲያውም መልካም አድርገዋል። እኔን ያስደነገጠኝ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት የወገቧ ሕመም ነው። ቁመቷን ቶሎ ጨርሼ ወደዚያው እሄዳለሁ።

በልጆች ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚረዝምበት ለጋ ክፍል አለ። የጉርምስና ዕድሜ ሲያበቃ ይህ ክፍል ወደ ደንዳና አጥንት ይለወጣል፤ ዕድገትም ያቆማል። ይህ ለጋ ክፍል ክፉኛ ከተሰበረ የዚያን አጥንት ዕድገት ሊያዛባ ይችላል። ፍርሃቱም የመነጨው ከዚሁ ነው፤ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ልጆችን ከብረት ያርቁ ነበር። ኋላ ግን እንዲህ ያሉ ስብራቶች ሲመረመሩ በአብዛኛው የደረሱት ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ አነሳሱን ሳይማሩ ከአቅማቸው በላይ በሚታገሉ ልጆች ላይ እንደነበረ ታወቀ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሰነድ በአግባቡ የሚመራ የጥንካሬ ልምምድ ለልጆች ጠቃሚ እንደሆነ አስፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ራሱ ተወዳዳሪ የሚቀበለው ከ14 ዓመት ጀምሮ ነው። ልጅ ሮጦ ወይም ዘልሎ ሲያርፍ እግሩ ላይ የሚወድቀው ጫና የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ያክላል፤ ሆኖም ልጁን መረብ ኳስ የሚያጫውት አባት ሲሰደብ አይታይም።

ቁመትን በእርግጥ የሚያስቀር አንድ ነገር በጂም አካባቢ አለ፤ እሱም ጡንቻ ለማፋፋት የሚወሰድ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። አጥንቱ የሚያድግበትን ክፍል ያለ ጊዜው ይዘጋዋል። ማንም ሰው መርፌም ሆነ ክኒን «ለጉልበት ነው» ብሎ ቢያቀርብላት ወዲያው ልታውቁ ይገባል። የመውለዱ ወሬም መሠረት የለውም፤ ክብደት ያነሳች ልጅ መካን አትሆንም።

አሁን ወደ ወገቧ።

እኛ አዋቂዎች ወገባችንን ሲያመን «ጡንቻ ነው፣ ይለቃል» ማለት ለምደናል፤ ብዙውን ጊዜም ይለቃል። በሚያድግ ልጅ ላይ ግን ይህ ልማድ አይሠራም። ስፖርተኛ ልጅ ወገቡን ከሁለት ሳምንት በላይ ካመመው በሐኪም መታየት አለበት። የእርስዎ ልጅ አምስት ሳምንት ሆኗታል። በዚያ ላይ ሕመሙ የሚብሰው ወደ ኋላ ስትለጠጥ ነው ብለዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅ ወላጅ ስሰማ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አቆያለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳዎት። እያንዳንዱ የወገብ አከርካሪ አጥንት በኋላው በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ ቀጭን ክፍል አለው። ወገብ ወደ ኋላ በተለጠጠ ቁጥር፣ በተለይ ጭነት ሲጨመርበት፣ ጫናው እዚያ ላይ ያርፋል። ሽቦ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግመው ሲያጥፉት በመጨረሻ እንደሚሰነጠቀው፣ ይህም ክፍል በልጅነት ገና ስላልጠነከረ በድግግሞሽ ብዛት ይሰነጠቃል። በሕክምና ስፖንዲሎሊሲስ ይባላል። በብዛት የሚያጠቃውም የመጨረሻውን፣ ማለትም አምስተኛውን የወገብ አጥንት ነው። የወደቀችበት ቀን፣ «ቀጭ» ያለበት ሰዓት ላይኖር ይችላል። አንድ ሳምንት ትንሽ ይቆረጥማታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከልምምድ በኋላ ይጠዘጥዛታል፤ ቆይቶ ወደ መቀመጫዋ ይወርዳል። በሆዷ መተኛት ትተዋለች። ከወንበር ስትነሳ ጭኗን በእጇ ትደግፋለች። ዕረፍት ስታደርግ ይሻላታል፤ ስለዚህ ቤተሰብ ዳነች ብሎ ያስባል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን አሟቸው ወደ ስፖርት ሕክምና ክሊኒክ የመጡ 100 ወጣት ስፖርተኞችን ከ100 አዋቂዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከወጣቶቹ 47ቱ ላይ ይህ ጉዳት ሲገኝ፣ ከአዋቂዎቹ የተገኘው በ5ቱ ላይ ብቻ ነው። እነዚህ ክሊኒክ ድረስ የመጡ ልጆች ናቸው እንጂ፣ ወገቡን ያመመው ልጅ ሁሉ ግማሹ አጥንቱ ተሰንጥቋል ማለት አይደለም። ቢሆንም አዋቂን የምናይበት ዓይን ለልጅ እንደማይሠራ ይህ ቁጥር በደንብ ያሳያል።

በፓወርሊፍቲንግ ውስጥ ወገብ የሚለጠጥባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንስቶ መቆም) ላይ ብረቱ ጭን ላይ ከደረሰ በኋላ ማንሳቷን ለዳኛ ለማሳየት ትከሻን ወደ ኋላ ጥሎ ወገብን መስበር አንዱ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም በቂ ሆኖ ሳለ። ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ ደግሞ ብረቱ የሚጓዘውን ርቀት ለማሳጠር ልጆች ትልልቆቹን እያዩ ወገባቸውን ከአግዳሚው በጣም ያነሳሉ። ስኳት (ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይም ብረቱን ተሸክመው ገና ቁልቁል ሳይወርዱ ወገባቸውን ወደ ኋላ የሚያጥፉ ብዙ ናቸው። ቪዲዮውን እንደገና ያጫውቱትና ኪሎውን ትተው የመጨረሻዋን ሰከንድ ብቻ ይዩ። ያገዱት ሰውዬ የጻፈውንም ፈልገው ያንብቡት። ከዚያ ሁሉ ስድብ መካከል ስለ ልጅዎ አካል አንድ ቁም ነገር የተናገረው እሱ ነበር። ልክ ላይሆንም ይችላል፤ አንዳንድ አነሳስ በቪዲዮ ከእውነታው የከፋ ይመስላል። ለአሠልጣኟ ማሳየት ግን ይገባዎት ነበር።

ስንጥቁ ቶሎ ሲገኝ ተስፋው በጣም መልካም ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ከሚያሳምማት እንቅስቃሴ ማረፍ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆድና የወገብ ጡንቻዎችን ማጠንከር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ መመለስ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ስፖርታቸው ይመለሳሉ፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። ችላ ሲባል ግን በሁለቱም በኩል ሊሰነጠቅና አጥንቱ ከበታቹ ካለው ላይ ወደ ፊት ሊንሸራተት ይችላል፤ ፈጣን ዕድገት ላይ ያለች ልጅ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ተራ ራጅ ገና የጀመረ ስንጥቅን ብዙ ጊዜ አያሳይም። «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ የተባለው የምስል ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ በጭኖቿ መካከል መደንዘዝ ከተሰማት፣ ሽንቷን መቆጣጠር ወይም መሽናት ካቃታት በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣም ቀጠሮ አይጠብቁ።

ስለ ዲክሎፌናኩ ለስላሳ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሐኪም ያላዘዘላትን መድኃኒት፣ ለ14 ዓመት ልጅ፣ አምስት ሳምንት፣ ያውም ከልምምድ በፊት! «ይተዋታል» ብለዋል፤ የተዋት ስሜቱ ነው እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ሕመም ለሰውነት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እርስዎ ማስጠንቀቂያውን አጥፍተው ብረቱን ጨምረውላታል። ቁስሉ ካለ በየልምምዱ እያሰፉት ነው ማለት ነው። ከዚያ በተጨማሪ ይህ መድኃኒት ጨጓራን ያቆስላል፤ ምግብና ውኃ ቀንሳ በላብ ለምትደርቅ ልጅ ደግሞ ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል። ወደ አይቡፕሮፌን መቀየርም መፍትሔ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ማስታገሻ ካልዋጠች በስተቀር ልምምድ መሥራት የማትችል ልጅ ልምምድ መሥራት የለባትም። በዚህ ላይ አልከራከርም።

እራቷንም ይመልሱላት። በማደግ ላይ ያለች ልጅ ለውድድር ምድብ ብላ ኪሎ መቀነስ የለባትም፤ በመራብም፣ ውኃ በመተውም፣ በላብም አይሆንም። በቂ ምግብ የማታገኝ ስፖርተኛ አጥንቷ ይሳሳል፤ አሁን የምንጠረጥረውን ዓይነት ስንጥቅም ያፈጥንባታል። የወር አበባዋ ጀምሮ ከነበረና ሦስት ወር ከቀረባት ለሐኪሟ ሳይነገር አይለፍ። ይህን ቢያፍሩ እናቷ ትጠይቃት።

በልጅዎ መኩራትዎን ማንም ሊነቅፍዎት አይገባም። ሴት ልጁ ጠንካራ እንድትሆን የሚፈልግ፣ ጎኗ ቆሞ የሚያበረታታ አባት ብርቅ ነው፤ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የ14 ዓመት ልጅ የአባቷን ፊት ታነባለች። ብረቱ ሲከብድ ፊትዎ እንደሚበራ አይታለች። ከዚያ ደግሞ የማታውቃቸው ሰዎች ስለ ሰውነቷ የጻፉትን ሁሉ አንብባለች። ስለዚህ «አሞኛል» ለማለት ሁለት ነገር ያግዳታል፦ የእርስዎ ደስታ እንዳይጠፋ ትሠጋለች፤ የተሳዳቢዎቹም ቃል እውነት እንዳይመስል ትሠጋለች። ሁለቱም አፏን ይዘጉታል። አምስት ሳምንት የታገሠችው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ መልሴን ወስደው ከእነዚያ ሰዎች ጋር ክርክር እንዲገጥሙበት አልፈልግም። እነሱን ማሸነፍ ለወገቧ አይጠቅማትም። ቪዲዮው ይቆይ ወይስ ይነሳ የሚለውን እሷን ይጠይቋት፤ የምትወስነውም እሷ ትሁን። እንዲቆይ ከፈለገች የአስተያየት መስጫውን ይዝጉት፤ ስለ ልጅ አካል ጸያፍ ነገር የጻፉትንም ለድረ ገጹ ያመልክቱ። ከዚህ በኋላ ስለ ልምምዷ ሲጠይቋት ከኪሎው በፊት «ወገብሽስ እንዴት ነው?» ይበሉ፤ «አሞኛል» ስትልም ፊትዎ አይጥቆር። ከባለቤትዎ ጋርም ጎራ መለየቱን ይተዉት። ስፖርቱ ይቁም ማለታቸው ባይዋጥልኝም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ግን ከእርስዎ ቀድመው አውቀዋል።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደ አጥንት ወይም ወደ ስፖርት ሕክምና ሐኪም ይውሰዷት፤ ባይገኝ ወደ ሕፃናት ሐኪም። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይያዙ፤ ስንት እንደወሰደችም ሳይደብቁ ይናገሩ። ቪዲዮውም ለምርመራው ይጠቅማል፤ ስልክዎ ላይ ይኑር። ሐኪሙ ሲጠይቃት እርስዎ አይመልሱላት፤ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ወጥተው ለብቻዋ እንድታነጋግረው ይፍቀዱላት። ክኒኑ ዛሬ ይቁም። ለአሠልጣኟም ዛሬ ማታ ደውለው፣ ታይታ ውጤቷ እስኪታወቅ ድረስ ብረት እንደማታነሳ ይንገሯቸው።